ዳንቴል የለበሰው ቤዝ

አባቴ ኩሽኔታ በጆሮው ይለያል። አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ ጋራዦቹ መሀል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሰው ኩሽኔታ ይዞ ሲመጣ ካርቶኑን አያይም። ቀለበቱን ጣቱ ላይ ይሰካና በሌላኛው እጁ ሽው አድርጎ ያዞረዋል፤ ከዚያ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። «ኦርጅናል ነው» ካለ ነው። «ውሰደው ወዲያ» ካለ ደግሞ አለቀ፣ ክርክር የለም። ከሌላ ሱቅ የገዙትን ሳይቀር ይዘው መጥተው «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ» የሚሉት መካኒኮች አሉ። እኔም እዚያው ሱቅ አብሬው እሠራለሁ፤ ሲሳሳት አላየሁም።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ማደግ ቀላል አይደለም። ቤታችን የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስም ያለው መሆን አለበት። ፍሪጁ፣ ካውያው፣ ፔርሙሱ፣ ጥፍር መቁረጫው ሳይቀር። እማዬ አንድ ጊዜ ዝናብ ቢይዛት ከመንገድ ላይ ጃንጥላ ገዝታ ገባች፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያሾፍባት ከረመ። በእኛ ቤት «የቻይና» ማለት ስድብ ነው። የሚያስቀው ሱቃችን ውስጥ ካለው ዕቃ ግማሹ ከዚያው የመጣ መሆኑ ነው፤ ይህን ለአባቴ ማንሳት ግን ነገር መፈለግ ነው። «ያ የሚሸጥ ነው፣ ይሄ የሚኖሩበት ነው» ይልና ያልፈዋል።

እኔ ደግሞ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰርግ ባንድ ጋር እሠራለሁ። ቤዜን የገዛሁት ዓለም ባንክ አካባቢ ካሉ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው፤ ከውጭ የተሻለ መጥቶላቸው የድሮውን ሲያወጡ። ቀይ ናት። ጫፏ ላይ የነበረው ስም ግማሹ ተልጦ የቀሩት ፊደሎች ምንም ቃል አይሠሩም። የአንድ ትልቅ ስም ያለው ቤዝ ኮፒ ናት፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣ ማንም አልዋሸኝም። የድምፅ ቁልፏን ሳዞር ሁለቴ «ቋ፣ ቋ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ እስክዘጋት ድረስ አታስቸግርም። ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ትንሽ ታፈን ያለ ነው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ከበሮውን አይሻማም። ደግሞ ቀላል ናት። ሦስት ሰዓት ቆሜ ከተጫወትኩ በኋላም ትከሻዬ የራሴ ሆኖ ይቀራል።

ሙዚቀኛ ስም ይወዳል። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰርጎች የቤዟን ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜ ነው የተጫወትኩት፤ ጠያቂ ሲመጣ «ቀለሙ ስለተነካ ነው» እል ነበር። የባንዳችን ጊታሪስት ደግሞ ቪዲዮ አንሺው በቀረበ ቁጥር የጊታሩን ጫፍ ወደ ካሜራው ያዞራል፤ ስሙ እንዲነበብለት። ፊቱ ባይታይ ግድ የለውም። አንድ የሙሽራ አጎት ባንዱን ሊይዝ ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ዕቃችሁ ኦርጅናል ነው?» ብሎ ነው። ምን ትጫወታላችሁ አላለም፣ ስንት ናችሁ አላለም። እኔ እንደሆን ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ደሜ ፈላ። «እኛ ኦርጅናል ነን፣ ዕቃውን ተወው» አልኩት። ሥራው ሌላ ባንድ ጋ ሄደ፤ ጓደኞቼም ሁለት ሳምንት ዘጉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ፕላስተሩን ግን የዚያኑ ዕለት ላጥኩት።

የሰው እንዲህ እንዲህ ሲባል ያልፋል። የከበደኝ የአባቴ ነው። አባቴ ስጫወት አይቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ስድስት ወር ያህል አኮረፈኝ። ኩርፊያው ሲበርድ ነገሩ ወደ ዕቃው ዞረ፤ ቀይዋን ቤዝ «ጣውላዋ» ይላት ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ ቤቴል አዳራሽ ስትዳር እሱም ተጠርቶ፣ ባንዱም የእኛ ነበር። «ና እንጂ አባዬ፣ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ ስማኝ» ብዬ ለመንኩት። «በዚያች ጣውላ ሰው ፊት ቆመህ እኔን አትጥራኝ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ አባቴ አንድ ቀን ወንበር ስቦ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዲሰማኝ ነበር የምፈልገው። ለሌላው ጭብጨባ ያን ያህል አልቸኩልም።

የምኖረው ከወላጆቼ ቤት ጋር በተለጠፈች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሌና የአባቴ መኝታ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከሱቅ መልስ እራት እስኪቀርብ እለማመዳለሁ። እሱም ደም ግፊት ከያዘው ወዲህ ቀደም ብሎ እየገባ ጋደም ይላል። አልፎ አልፎ ግድግዳውን በሱቁ ቁልፍ ሁለቴ ይመታዋል፣ ጧ ጧ። ቀንስ ማለቱ ነው ብዬ እቀንሳለሁ። በተናደድኩ ቀን ደግሞ ጭራሽ አጠፋውና እተኛለሁ። ከዚያ እራት እንቀርባለን፤ ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ጉምሩክ እናወራለን። ስለ ግድግዳው በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄደ። ሲመለስ ከካርቶኖቹ መሀል አንድ ረዘም ያለ ጥቁር ሻንጣ ሳሎን አስገብቶ «ክፈተው» አለኝ። ውስጡ ቤዝ ጊታር ነው። ጫፉ ላይ ያ ስም አለ፤ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው እንኳን የሚያውቀው፣ የእኔዋ ኮፒ የተቀዳችበት። አባቴ ሱቁ ገብቶ «ከሁሉ ስም ያለው የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው የገዛው። ክሩን አልነካም፣ ድምፁን አላሰማም። ኩሽኔታ ሳያዳምጥ የማይገዛ ሰው ይህን በስሙ ብቻ ገዛው። ቢሆንም ለእኔ ብሎ ነው፤ ልጁን ሊነጥቀው ነው ብሎ ለጠላው ነገር። አቅፌው አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

«ታዲያ ለቁም ነገር ቀን ነው» አለኝ። የቁም ነገር ቀን የቱ እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ክረምት ሲሆን ዝናብ ያገኘዋል። በጋ ሲሆን ታክሲ ውስጥ ይገጫል። የሠፈር ሰርግ አይመጥነውም። በልምምድ ደግሞ ለምን ይጫጫራል። ከፋብሪካ ፊቱ ላይ የተለጠፈችው ስስ ላስቲክ እንኳን እንዳትላጥ ተባለ። የሶፋችን ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ ስላልተላጠ ይህኛው አልገረመኝም። እማዬ ለሻንጣው ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴሉን ለብሶ ቆመ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ዳንቴሉን ያነሳል፣ ሻንጣውን ይከፍታል፣ «የልጄ ነው» ይላል። እንግዳው ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ይዘጋል፣ ዳንቴሉም ይመለሳል። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ነው የያዝኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ እጄን በሳሙና ታጥቤ። ሰርግ በደረሰ ቁጥር ቀይዋን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በሳሎኑ በኩል ሳልፍ አባቴ ያየኛል፤ «ዛሬም ጣውላዋ ናት?» ይላል። ራሱ ከልክሎኝ ራሱ ያሾፍብኛል።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ልታገባ ሆነ። ምሳው ቤቴል ነው፤ ባንዱ የእኛ ነው፤ እህቴ ሌላ ባንድ ብታመጡ አልገባም ብላለች። ሐሙስ ዕለት ሱቅ ውስጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እያወጣን ሳለ አባቴ ቀና ሳይል «እሁድ ያን አውጣው» አለኝ። «ከፊት ነው የምቀመጠው። እስቲ እሰማሃለሁ።» ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ፊቴ እንዳይታይ መጋዘን ገብቼ የማያስፈልግ ካርቶን ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆየሁ።

ከሱቅ እንደተመለስኩ ዳንቴሉን አንስቼ ቤዙን ክፍሌ አስገባሁት። ላስቲኩን ላጥኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ምንም። ገመድ ቀየርኩ። ምንም። በዚያው ገመድ ቀይዋን ብሰካት «ቋ፣ ቋ» ብላ ተነሳች። ያኛው ከጀርባው ባትሪ የሚገባበት ትንሽ ክዳን አለው፤ ፈትቼ ሳየው ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ባትሪ ፈሶ አረንጓዴ ዝገት ሆኗል፤ ውስጥ ያለችውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በልቷታል። ክሮቹም ዝገዋል። እማዬ ለእያንዳንዱ በዓል ዳንቴሉን አጥባ ስትተኩስ ከሥሩ ዕቃው እየሞተ ነበር። በአባቴ ብቻ አልፈርድም። ባትሪ ያለው ዕቃ ሲቀመጥ ባትሪው እንደሚወጣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቼ ማውጣት ነበረብኝ። አላደረግኩትም፤ እኔም እንደ እንግዶቹ ስሙን አንብቤ ነበር የምዘጋው።

በቀይዋ ልጫወት እችል ነበር። ግን አባቴን አውቀዋለሁ። ለዘመድ ሁሉ ደውሎ «እሁድ ታዩታላችሁ» ብሏል። በልጁ ሰርግ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስም አይቶ የገዛው ዕቃ በድን ነው ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ። ጣውላዋን ይዤ ብቆም ደግሞ ወንበሩን አዙሮ እንደሚቀመጥ አልተጠራጠርኩም።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ እዚያው አየር ጤና ቴፕና ማጉያ የሚጠግን ሰው ጋ ሄድኩ። ሥራውን አምነዋለሁ፤ ወሬው ይበዛል እንጂ። ሰሌዳዋን አገላብጦ አይቶ «ይቺ እዚህ አገር የለችም። ታዝዛ ትመጣለች፤ ለእሁድ ግን እርሳው» አለኝ። ከዚያ ቀይዋን አየት አድርጎ ማስመሪያውን አነሳ። አንዴ እሷን ለካ፣ አንዴ ያንን ለካ፣ ሳቀ።

«ኮፒ ያደረጉትን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው፣ ወንድሜ። የቀዳዳውን ልክ ሳይቀር ቀድተውታል።»

ሐሳቡ ይህ ነበር፤ የቀይዋን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ያኛው ውስጥ መክተት። የክሩን ድምፅ የሚይዙትን ማግኔቶች፣ ቁልፎቹን፣ ሽቦውን፣ ክሮቹን ሳይቀር። እሷ ባትሪ አትፈልግም።

«እሷስ?» አልኩት።

«እሷማ ባዶ ትቀራለች። በኋላ መመለስ ይቻላል፤ ግን አሮጌ ሽቦ ነው፣ በተነካካ ቁጥር ይበጣጠሳል። እንደነበረች ትሆናለች ብዬ አልምልልህም።»

በየሰርጉ ያልከዳችኝ እሷ ናት። ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ «አድርገው» አልኩትና ሲፈታት ላለማየት ወጥቼ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ስመለስ ያኛው ተሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። እሷ ምስማር ላይ ተሰቅላለች፤ ሆዷ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ክር የለ፣ ቁልፍ የለ። አንጀቴን በላችው። ወደ ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኳት።

እሁድ የሙሽራዋ ወንድም ሆኜ መድረክ ላይ ስወጣ አንዳንድ ዘመዶች አጉረመረሙ፤ እንግዳ መቀበል ሲገባው ምን ያደርጋል እዚያ ብለው። አባቴ በአዲስ ሱፉ ከፊተኛው ጠረጴዛ ተቀምጦ ለአጎቴ ቤዙን በጣቱ እያሳየው ነበር። ጊታሪስታችን ጫፉን አይቶ ፉጨት ቢጤ አሰማ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ወደ ካሜራው አስጠጋኝ። ዕቃው ይከብዳል፤ ገና ሳልጀምር ትከሻዬን ያዘኝ። ቁልፉን አዞርኩ።

«ቋ፣ ቋ» አለ፣ በዚያ ሁሉ ስፒከር።

አባቴ የጀመረውን ቃል አቋረጠ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሌሊት ሳይተኛ ነው የሰነበተው። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተጫወትን። ጉራግኛው ሲጀመር አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፤ አጎቴ ኮቱን አውልቆ መሀል ገባ፤ እማዬ ከሴቶቹ ጋር እየጨፈረች ነው። አባቴ ብቻ አልተነሳም። አንገቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ተቀምጧል። አልወደደውም አልኩ። ሁለት ቦታ ሳትኩ። ለምሳ ዕረፍት ስንወርድ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። አጎቴ ላቡን እየጠረገ «ድምፅ ማለት ይሄ ነው፤ ኦርጅናል ዕቃ እኮ ለብቻው ነው» አለ። አባቴ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ግማሽ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ሙሽሮቹ ተሸኝተው አዳራሹ ሲቀል እኔ መድረኩ ላይ ገመድ እጠቀልል ነበር። አባቴ መጣ። ሻንጣው ገና ክፍት ነው። ጎንበስ ብሎ ቤዙን አየው፤ ስሙን በአውራ ጣቱ ደባበሰው።

«የጣውላዋን ሆድ ነው የከተትክበት» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ስትከፍታት ቋ ቋ ትላለች። ደግሞ ድምፅዋ እንዲህ ታፈን ያለ ነው። ስንት ዓመት የሰማኋትን ድምፅ አላውቅም እንዴ፣ በግድግዳው?»

የባትሪውን ነገር ነገርኩት። ሁሉንም፣ ዝገቱንም፣ ጠጋኙንም። «እኔ ነኛ የገደልኩት» አለ። «ሁለታችንም ነን» አልኩት። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ጥያቄው ከአፌ አመለጠ።

«ከሰማኸኝ ታዲያ ግድግዳውን ለምን ትመታዋለህ?»

«ስትፈጥን ነዋ» አለኝ፤ አሁን ይሄ ይጠየቃል እንደማለት። «አንተ ስትለማመድ ትፈጥናለህ። ቀስ በል ስልህ ታጠፋዋለህ። እልኸኛ ነህ፣ ምን ላድርግህ።»

ተናድጄ አጥፍቼ የተኛሁባቸውን ምሽቶች አሰብኩ። እሱ ከግድግዳው ወዲያ ጋደም ብሎ እስክቀጥል ሲጠብቅ፣ እኔ ከወዲህ አኩርፌ ጣሪያ ሳይ። ብዙ ናቸው።

«ዛሬስ ፈጠንኩ?»

«ጉራግኛው ላይ ትንሽ። ግን እሱ ራሱ ያስፈጥናል» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «ነገ ወደ ቤቷ መልሳት» አለኝ።

ሰኞ ከሱቅ ወደ ጠጋኙ ራሱ ነው የላከኝ። ሁለት ሽቦ ተበጥሶ ሌላ ተተካ፤ ጠጋኙ ቁልፏንም በአዲስ ልቀይራት ቢለኝ እንዳትነካት አልኩት። ያኛው ሳሎን ወደነበረበት ተመልሷል፤ ሰሌዳዋን አዝዘናል፣ እስክትመጣ ዳንቴሉን ለብሶ ይጠብቃል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ አሁንም ይከፍተዋል፤ «ስሙ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ሆድ ግን የለውም» ይላል። ቀይዋን እስካሁን ጣውላዋ ነው የሚላት።

ያን ሰኞ ከሱቅ መልስ ክፍሌ ገብቼ ቀይዋን ሰካሁ። ቋ፣ ቋ አለች። አንድ የማውቀውን ዜማ በልኩ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ሆን ብዬ ፈጠንኩ። ከወዲያ ምንም የለም። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል ብዬ የባሰ ፈጠንኩ። ያኔ ግድግዳው ሁለቴ ተመታ፣ ጧ ጧ። አላጠፋሁትም፤ ቀስ አልኩ።